ደሴ በ1፣ ኮምቦልቻ በ2፦ ሁለት ቅርንጫፎችን በኢንተርኔት ስልክ ማገናኘት

ስልኩ ስክሪኑ ላይ «ተመዝግቧል» ይላል፤ ቁጥር ሲመታበት ግን ዝም። የኢንተርኔት ስልክ የሚዘረጋ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው። መነሻውም ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ምዝገባ ማለት ስልኩ ለሰርቨሩ «አሁን ያለሁት በዚህ አድራሻ ነው» ብሎ ማሳወቁ ነው። ጥሪ መምራት ደግሞ ሰርቨሩ «ይህ ቁጥር ሲደወል ወዴት ልላከው?» የሚለውን ከተጻፈለት ደንብ ማንበቡ ነው። የመጀመሪያው ስለ ሁለተኛው የሚያውቀው ነገር የለም። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ግማሹን ብልሽት ሳይነካካ ያገኘዋል።

ምሳሌያችን ደሴ ፒያሳ አካባቢ 8 ስልክ ያለው የጅምላ መደብርና ቢሮ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ 5 ስልክ ያለው መጋዘን ነው። በመካከላቸው የሐረጎ ቁልቁለት አለ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከከተማ ከተማ የሚወርደው ከፍታ ከ600 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ አንቴና አቅንቶ ማገናኘት አያዋጣም፤ ተራራው ይጋርዳል። መንገዳችን ኢንተርኔቱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ በቅድሚያ። እዚህ የሚዘረጋው የድርጅቱ የውስጥ ስልክ ብቻ ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት ለሌላ መስጠትን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ያደርገዋል። ሲም ካርድ የሚቀበል ጌትዌይ (ጥሪን ወደ ሞባይል መረብ የሚያሸጋግር ዕቃ) ሰክታችሁ ጥሪ ወደ ውጭ እንዳታወጡ። ይህን ሥርዓት ከ033 መስመራችሁ ጋር ማገናኘት ከፈለጋችሁም አስቀድማችሁ የመስመሩን ባለቤት ኦፕሬተር በጽሑፍ ጠይቁ።

ዕቃው

በየከተማው አንድ አንድ ትንሽ ሰርቨር ያስፈልጋል። ለዚህ መጠን 2 ጊጋባይት ራም ያለው ራስፕቤሪ ፓይ 4 ወይም ጥግ የተጣለ አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል። አንድ ሰርቨር ደሴ አስቀምጦ የኮምቦልቻን ስልኮች በሙሉ ወደዚያ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ብዙ ሰውም በርካሽነቱ ይመርጠዋል። አንመክረውም። ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ኮምቦልቻ ያለው ዘበኛ 20 ሜትር ርቆ የተቀመጠውን የመጋዘን ኃላፊ መጥራት ያቅተዋል።

ስልኮቹ የግራንድስትሪም፣ የዬሊንክ ወይም ሌላ ሲፕ (የኢንተርኔት ስልኮች ስለ ጥሪ የሚነጋገሩበት ቋንቋ) የሚያውቁ ይሁኑ። በኔትወርክ ገመድ መብራት የሚቀበሉትን ከነስዊቻቸው ብትገዙ ይሻላል፤ ያኔ አንድ ዩፒኤስ ሁሉንም ይይዛል። ሂሳቡን ግን በልኩ ስሩት። በተለመደው አነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ ያለች ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ የምትይዘው 84 ዋት-ሰዓት ነው። ስምንት ስልክ፣ ስዊች፣ ራውተርና ሰርቨር ተደምረው 50 ዋት ገደማ ቢፈጁ፣ የመለወጫው ብክነት ተቀንሶ ከአንድ ሰዓት በላይ አትጠብቁ።

ቁጥር አሰጣጥ

ደሴ ከ101 እስከ 149፣ ኮምቦልቻ ከ201 እስከ 249። የመጀመሪያው አሃዝ ከተማውን ይነግራል፤ የጥሪ ደንቡ በሙሉ የሚቆመው በዚህች አንድ አሃዝ ላይ ነው። በ0 እና በ9 የሚጀምር የውስጥ ቁጥር አትስጡ። 0 የአገር ውስጥ ቁጥሮች ሁሉ መነሻ ነው፤ በ9 ደግሞ እንደ 994 ያሉ አጫጭር ቁጥሮች ይጀምራሉ። ነገ የውጭ መስመር ሲጨመር ሁለቱ ይጋጫሉ። «ለጊዜው» ተብሎ በዘፈቀደ የተሰጠ ቁጥር ደግሞ ሰው አንዴ ከለመደው አይነሳም።

ሰርቨሩን ማዘጋጀት

ኮምፒውተሩን የስልክ ሰርቨር የሚያደርገው ሶፍትዌር አስተሪስክ ነው፤ ነፃ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ላይ በአፕት (የፕሮግራም መጫኛው ትእዛዝ) ሲጫን ሥሪት 20 ይመጣል። ዴቢያን 12 ማከማቻ ውስጥ ግን የለም፤ እሱን የመረጠ ሰው ከምንጭ ኮዱ ራሱ ማጠናቀር አለበት። ድሮ የተጻፉ መመሪያዎች «ቻን ሲፕ» የሚባለውን ክፍልና «ሲፕ ዶት ኮንፍ» የሚባለውን ፋይል ያዟችኋል። ያንን እለፉት፤ ከሥሪት 21 ጀምሮ ጨርሶ ወጥቷል። የእኛ ፋይሎች ሁለት ናቸው፦ ለምዝገባ «ፒጄሲፕ ዶት ኮንፍ»፣ ለጥሪ «ኤክስቴንሽንስ ዶት ኮንፍ»። እነዚህን ስሞችና ከዚህ በታች የሚመጡትን ቃላት እንደሚነበቡ በፊደላችን ጻፍናቸው እንጂ ኪቦርድ ላይ የሚገቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የክፍል ስሞችንም ሁሉ በዚያው ፊደል ጻፉ።

አብረው የመጡትን ናሙና ፋይሎች ስማቸውን ቀይራችሁ ወደ ጎን አድርጉና ከባዶ ጀምሩ። በናሙናው ውስጥ የማታውቁት ደንብ ተቀምጦ ጥሪ ከሚመራባችሁ አሥር መስመር ራሳችሁ ብትጽፉ ይሻላል።

ለሰርቨሩ የማይለወጥ አድራሻ ስጡ፤ ለምሳሌ 192.168.1.5። ራውተሩ ለሌላ ዕቃ እንዳያድለው ከሚያድላቸው አድራሻዎች ዝርዝር አውጡት።

ምዝገባ

አንድ ስልክ ለማስመዝገብ ፒጄሲፕ ፋይል ውስጥ ሦስት ክፍሎች ይጻፋሉ። ሦስቱ ምን ምን እንደሆኑ ሳይገባው የገለበጠ ሰው ኋላ ላይ ይቸገራል።

የመጀመሪያው «ኤንድፖይንት» ነው። የስልኩን ጠባይ ይይዛል፦ በየትኛው የድምፅ ኮድ እንደሚያወራ፣ ሲደውል የትኛውን የጥሪ ደንብ እንደሚከተል። ሁለተኛው «ኦዝ» ነው፤ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ። ሦስተኛው «ኤኦአር» ነው፤ ስልኩ አሁን ያለበት አድራሻ የሚመዘገብበት ባዶ መዝገብ። ስልኩ ሲመዘገብ የሚሞላው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሌሎቹን አይነካቸውም።

ለ101 እንዲህ ሙሉ፦

1. በኤንድፖይንት ስር «ኮንቴክስት» (ስልኩ የሚከተለው የጥሪ ደንብ ስም) የሚለውን «ቢሮ» በሉት። «ዲስአላው» ሁሉንም፣ ቀጥሎ «አላው» ኤሎው (የድምፅ ኮድ ስም ነው)። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ሁሉን ዝጉ፣ ከዚያ የምትፈልጉትን ክፈቱ። «ዳይሬክት ሚድያ» ኖ ይሁን፤ ምክንያቱ ከታች ይመጣል። «ኦዝ» እና «ኤኦአርስ» የሚሉት ሁለቱም 101።

2. በኦዝ ስር ዩዘርኔም 101፣ ፓስዎርድ ቢያንስ 16 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት። ፓስዎርዱን ራሱን 101 ማድረግ በር ከፍቶ መተኛት ነው።

3. በኤኦአር ስር «ማክስ ኮንታክትስ» (በአንድ ቁጥር ስንት ስልክ እንደሚመዘገብ) 1፣ «ሪሙቭ ኤግዚስቲንግ» የስ፣ «ኳሊፋይ ፍሪኩዌንሲ» (ሰርቨሩ በየስንት ሰከንዱ ስልኩን «አለህ?» እንደሚለው) 60።

በፋይሉ ራስ ላይ ደግሞ አንድ «ትራንስፖርት» ክፍል ይኑር፤ ፕሮቶኮል ዩዲፒ (የመልእክት መላኪያ ዘዴ)፣ ባይንድ 0.0.0.0፣ ፖርቱ (ሰርቨሩ መልእክት የሚቀበልበት በር ቁጥር) 5060። ትራንስፖርትን ከለወጣችሁ ሪሎድ ማድረግ (ፋይሉን እንደገና ማስነበብ) አይበቃም፤ አስተሪስክን አጥፍታችሁ አስነሱት። ስንት ሰዓት የሚበላ ስህተት ነው! ፋይሉ ትክክል ነው፣ ሰርቨሩ ግን አሁንም አሮጌውን ይዟል።

ማክስ ኮንታክትስን አንድ ጊዜ እንመለስበት። ሳይጻፍ ከቀረ ዋጋው 0 ነው፤ 0 ማለት ደግሞ «ማንም አይመዝገብ» ማለት ነው። ፓስዎርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ ስልኩ 403 ይመለስለታል፤ ባለቤቱም ፓስዎርድ ሲለዋውጥ ይውላል።

በስልኩ በኩል የሚሞላው ጥቂት ነው። ሲፕ ሰርቨር 192.168.1.5፣ ዩዘር አይዲና ኦተንቲኬት አይዲ ሁለቱም 101፣ ፓስዎርዱ፣ ሌላው ባዶ። የምዝገባው ዕድሜ በብዙ ስልኮች 3600 ሰከንድ ወይም 60 ደቂቃ ሆኖ ይመጣል። ወደ 300 ሰከንድ አውርዱት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ስልኩ አድራሻ ሲቀይር መዝገቡ ቶሎ ይታደሳል። ከ60 በታች ብታደርጉት ሰርቨሩ ራሱ ወደ 60 ያነሳዋል፤ በራሱ የተቀመጠው ዝቅተኛ ገደብ 60 ነው።

በመስመሩ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ስልኩ «መዝግበኝ» ብሎ ይልካል። ሰርቨሩ 401 ብሎ ይመልሳል፤ አብሮ አንድ የዘፈቀደ ቃል ይሰጠዋል። ስልኩ ያንን ቃል ከፓስዎርዱ ጋር አዋህዶ አስልቶ ድጋሚ ይልካል፤ ፓስዎርዱ ራሱ በገመዱ ላይ አያልፍም። ከተስማማ 200 ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው 401 ጤነኛ ነው፤ አትደንግጡ። 401 ሳያቋርጥ ከተደጋገመ ግን ወይ ፓስዎርዱ ወይ ስሙ ተሳስቷል። አስተሪስክ ሁለቱን ለውጭ ሰው ለይቶ አይነግርም፤ ሆን ብሎ ነው፤ ትክክለኛ ስም የሚፈልግ ሌባ እንዳይረዳበት። የሰርቨሩ መዝገብ ላይ ግን ይለያል፦ «ኖ ማቺንግ ኤንድፖይንት» ካለ ስሙን፣ «ፌይልድ ቱ ኦተንቲኬት» ካለ ፓስዎርዱን እዩ። 404 ከመጣ የኤኦአሩ ስም ስልኩ ከሚልከው ቁጥር ጋር አንድ አይደለም።

ምዝገባው መሆኑን በአስተሪስክ ኮንሶል (የትእዛዝ መጻፊያ መስኮቱ) «ፒጄሲፕ ሾው ኮንታክትስ» ብላችሁ አረጋግጡ። ከአድራሻው ጎን «አቬይል» እና የሚሊሰከንድ ቁጥር ካያችሁ ስልኩ በሕይወት አለ። ተመዝግቦ «አንአቬይል» ካለ መዝገቡ ላይ ስሙ አለ፣ ሰውየው ግን ቤት የለም።

በሞባይል ላይ ዞይፐር ወይም ሊንፎን የሚባል የስልክ ፕሮግራም ጭኖ ከጠረጴዛ ስልኩ ጋር አንድ ቁጥር የሚጋራ ሰው ካለ ማክስ ኮንታክትስን 2 አድርጉ። አንድ ነገር ግን ሁሌ ይረሳል፦ ተራው የዳያል ትእዛዝ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚጠራው። ሁለቱም እንዲጮሁ «ፒጄሲፕ ዳያል ኮንታክትስ» የሚባለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ። አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ ፕሮግራሙን ስለሚያስተኛውም በስልኩ ቅንብር ውስጥ ከባትሪ ቁጠባው ነፃ አድርጉት፤ አለበለዚያ ስልኩ ኪስ ውስጥ በገባ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ጥሪ መቀበል ያቆማል።

ጥሪ መምራት

አሁን ስምንቱም ተመዝግበዋል፤ ከ101 ወደ 102 ስትደውሉ ግን 404 ይመጣል። ሰርቨሩ 102 የት እንዳለ ያውቃል፤ «102» ተብሎ ሲደወል ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም አልነገረውም።

ኤክስቴንሽንስ ፋይል ውስጥ «ቢሮ» የሚል ክፍል ክፈቱ። ስሙ ኤንድፖይንቱ ላይ ከጻፋችሁት ኮንቴክስት ጋር በፊደል አንድ መሆን አለበት። መጀመሪያ የመሞከሪያ ቁጥር፦ 199 ሲደወል «አንሰር»፣ ቀጥሎ «ኢኮ»። ደውላችሁ ተናገሩ፤ የራሳችሁን ድምፅ ከሰማችሁ ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ይህ ሳይሠራ ወደ ሌላው አትለፉ።

ከዚያ የደሴ ቁጥሮች። ስምንት መስመር መጻፍ አያስፈልግም፤ አንድ ናሙና ይበቃል፦ ከሥር ሰረዝ፣ 1፣ ቀጥሎ ሁለት ኤክስ። ከሥር ሰረዙ «ይህ ናሙና ነው» ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ኤክስ ከ0 እስከ 9 ማንኛውንም አሃዝ ይተካል። ከሥር ሰረዙ ከተረሳ አስተሪስክ ቃል በቃል «1፣ ኤክስ፣ ኤክስ» የሚደውል ሰው ይጠብቃል። ትእዛዙ «ዳያል» ሲሆን በቅንፍ ውስጥ ፒጄሲፕ፣ እዝባር፣ የተደወለውን ቁጥር የሚይዘው «ኤክስተን» የሚባል ተለዋዋጭ፣ ኮማ፣ 25 ይገባል። 25 የሚጮህበት ሰከንድ ነው። 199 ከናሙናው ጋር ቢገጥምም ችግር የለም፤ ሙሉ በሙሉ የተጻፈ ቁጥር ከናሙና ይቀድማል።

ፋይሉን አስቀምጣችሁ «ዳያልፕላን ሪሎድ»። እስከዚህ ድረስ ያለውን በኮምቦልቻ ሰርቨር ላይ በ2 እየተካችሁ ድገሙት።

ሁለቱን ከተማ ማያያዝ

የሲፕ ፖርት 5060ን በራውተሩ ላይ ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግን የሚመክር ሁሉ ይኖራል። አትስሙት። ክፍት 5060 የሚያስሱ ፕሮግራሞች ኢንተርኔቱ ላይ ሌት ተቀን ይዞራሉ፤ ባገኙት ሰርቨር ላይ ፓስዎርድ ሲገምቱ ያድራሉ። በምትኩ በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ዋየርጋርድ (በኢንተርኔቱ ውስጥ የሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር) ዘርጉ። ለደሴ 10.8.0.1፣ ለኮምቦልቻ 10.8.0.2 ስጡ። ለኢንተርኔት የሚከፈተው በደሴ ራውተር ላይ ያለው ዩዲፒ 51820 ብቻ ነው።

ለዚህ ደሴ ላይ ከውጭ የሚደረስበት የሕዝብ አይፒ ያስፈልጋል። ራውተሩ ውስጥ የሚታየውን የውጭ አድራሻ «አይፒዬ ስንት ነው» የሚሉ ድረ ገጾች ከሚያሳዩት ጋር አስተያዩ። ካልተመሳሰሉ፣ በተለይ ራውተሩ ላይ ያለው በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ፣ ከሌላ ደንበኛ ጋር አድራሻ እየተጋራችሁ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ያኔ ወይ ቋሚ አይፒ ጠይቁ፣ ወይ ትንሽ የክላውድ ሰርቨር ተከራይታችሁ ሁለቱንም እዚያ አገናኙ። ኮምቦልቻ በኩል በዋየርጋርዱ ፋይል ውስጥ «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» 25 ይጻፍ፤ አለበለዚያ ራውተሩ ዝም ያለውን መስመር ይዘጋዋል።

በዚያው ፋይል «አላውድ አይፒስ» ላይ የሌላኛውን ሰርቨር ነጠላ አድራሻ ብቻ አስገቡ። የስልኮቹን ኔትወርክ በሙሉ ማሳለፍ አያስፈልግም፤ ዳይሬክት ሚድያን የዘጋነው ለዚህ ነው። ድምፁ ከስልክ ወደ ራሱ ከተማ ሰርቨር፣ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር፣ ከዚያ ወደ ስልክ ይሄዳል። በዚህ የተነሳ ሁለቱም ቅርንጫፎች ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ያንኑ 192.168.1 ቢጠቀሙ እንኳ አይጋጩም። ዳይሬክት ሚድያ ክፍት ቢሆን ግን ስልኮቹ በቀጥታ ሊገናኙ ይሞክራሉ፤ መንገድ የላቸውም፤ ጥሪው ይነሳል፣ ድምፅ የለም።

ራስፕቤሪ ፓይ 4ን ለተጠቀመ አንድ ወጥመድ አለ። በውስጡ ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ይዞ ይነሳል። ዋየርጋርድ ደግሞ ካለፈው ጊዜ የቀደመ ሰዓት የያዘ የመገናኛ ጥያቄ ሲመጣለት የድሮ መልእክት ተደግሞ የተላከ መስሎት ይጥለዋል። ሰዓቱ ከኢንተርኔት እስኪስተካከል ድረስ ሁለቱ አይነጋገሩም። መብራት በመጣ ቁጥር መስመሩ ለጥቂት ደቂቃ አልነሳ የሚላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ትንሽ የሰዓት ሞጁል ብትገጥሙለት ነገሩ ያልቃል።

መስመሩ ሲነሳ በደሴ ፒጄሲፕ ፋይል ውስጥ «ኮምቦልቻ» የሚል ኤንድፖይንት ጻፉ። እዚህ ምዝገባ የለም። ምዝገባ የሚያስፈልገው አድራሻው ለሚለዋወጥ ነው፤ ኮምቦልቻ ሁልጊዜ 10.8.0.2 ላይ ነው። ስለዚህ ኤኦአሩ ውስጥ ያንን አድራሻ ከነፖርቱ «ኮንታክት» ብላችሁ ራሳችሁ ሙሉት። ኦዝ በሚለው ፋንታ «አይደንቲፋይ» የሚል ክፍል ጨምሩና «ማች» 10.8.0.2 በሉት፤ ከዚያ አድራሻ የመጣ ጥሪ ሁሉ የኮምቦልቻ ነው ማለት ነው። ኮንቴክስቱ ግን «ቢሮ» አይሁን፤ «ከኮምቦልቻ» የሚል ሌላ ስጡት።

ቀጥሎ የጥሪ ደንቡ። በ«ቢሮ» ውስጥ በ2 የሚጀምር ባለ ሦስት አሃዝ ናሙና ጨምሩ፤ ዳያል ውስጥ ፒጄሲፕ፣ እዝባር፣ ኤክስተን፣ የአት ምልክት፣ ኮምቦልቻ። በ«ከኮምቦልቻ» ውስጥ ደግሞ በ1 የሚጀምረው ብቻ ይግባ። በኮምቦልቻ ሰርቨር ላይ የዚህን መስታወት ጻፉ።

ኮንቴክስቱን ለምን ለየን? አንዳንድ ሰው ነገሩን ለማሳጠር «የማላውቀውን ቁጥር ሁሉ ወደዚያኛው ላክ» የሚል ደንብ በሁለቱም ላይ ይጽፋል። ከዚያ አንድ ሰው በስህተት 350 ይደውላል። ደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ ወደ ደሴ እንደ ኳስ ይቀባበሉታል። በሲፕ ሕግ እያንዳንዱ ጥሪ የማለፊያ ቆጣሪ አለው፤ ከ70 ተነስቶ 0 ሲደርስ መቆም ነበረበት። አስተሪስክ ግን ጥሪውን አሳልፎ አይሰጥም፤ በራሱ ስም አዲስ ጥሪ ይከፍታል፤ ቆጣሪውም እንደገና ከ70 ይጀምራል። የድምፅ ፖርቶች እስኪያልቁ ይዞራል። ከዚያኛው ከተማ የመጣ ጥሪ ወደዚያው የሚመለስበት ደንብ ፈጽሞ አይኑር።

ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ጠሪው ዝም ብሎ እንዳይጠብቅ ከዳያል በኋላ «ዳያልስታተስ» የሚባለውን ተለዋዋጭ አስመርምሩ። «ቻንአንአቬይል» ወይም «ኮንጀስሽን» ካለ መስመሩ የለም፤ የተቀዳ መልእክት አሰሙት። «ኖአንሰር» ካለ ሰውየው አላነሳም፤ ወደ መጋዘኑ ኃላፊ 201 አሳልፉት።

የመስመሩ አቅም

ኤሎው የሚባለው ኮድ 64 ኪሎቢት ነው ይባላል፤ በመስመሩ ላይ ግን ይበልጣል። በሰከንድ 50 ፓኬት (የዳታ ጥቅል) ይሄዳል፤ እያንዳንዱ 160 ባይት ድምፅ ከ40 ባይት አድራሻና ራስጌ ጋር፤ ዋየርጋርድ የራሱን ሲጨምርበት 268 ባይት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 107 ኪሎቢት ገደማ ይወስዳል፤ አራት በአንድ ጊዜ ቢወራ 430። የሚያጥረው ሁሌም መላኪያው ነው እንጂ መቀበያው አይደለም፤ የኢንተርኔት ጥቅላችሁን ስትለኩ አፕሎዱን ተመልከቱ። መስመሩ ከጠበበ ኦፐስ የሚባለውን የድምፅ ኮድ ሞክሩ። በ24 ኪሎቢት ሲሠራ ከነሸክሙ ወደ 69 ይወርዳል፤ ልዩነቱ የምታስቡትን ያህል የማይሆነው ራስጌው ስለማይቀንስ ነው።

ወፍራም መስመር ብቻውን ጥራት አይሰጥም። የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ በታች፣ የፓኬት መጥፋት ከ1 በመቶ በታች ይሁን። በሥራ ሰዓት ከደሴ ሰርቨር ወደ 10.8.0.2 ለአሥር ደቂቃ ፒንግ አድርጉ፤ መልእክት ሄዶ የሚመለስበትን ሚሊሰከንድ ያሳያችኋል። ቢሮ ውስጥ ሰው ቪዲዮ ሲከፍት ቁጥሩ ከ40 ወደ 400 የሚዘል ከሆነ ራውተሩ ላይ ለሰርቨሩ ቅድሚያ ስጡ።

አንዱ ብቻ ሲሰማ

ጥሪው ተነስቶ ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ምዝገባውንም ደንቡንም አትንኩ፤ ሁለቱም ሥራቸውን ጨርሰዋል። ችግሩ ድምፁ የሚሄድበት አድራሻ ላይ ነው። «ፒጄሲፕ ሴት ሎገር ኦን» ብላችሁ ደውሉና ከጥሪው መልእክት ግርጌ «ሲ እኩል ይሆናል» በሚል የሚጀምረውን መስመር ፈልጉ። በከተሞቹ መካከል በሚሄደው ጥሪ ላይ 10.8.0.1 ወይም 10.8.0.2 መሆን አለበት። 192.168.1.5 ከሆነ ያኛው ሰርቨር ድምፁን ወደ ራሱ ሰፈር እየላከ ነው፤ ሁለቱን ሰርቨሮች በሚያገናኘው ኤንድፖይንት ላይ «ሚድያ አድሬስ» ብላችሁ ትክክለኛውን ጻፉ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፋየርዎል ነው። አስተሪስክ ለድምፅ ከ10000 እስከ 20000 ያሉትን ፖርቶች ይጠቀማል፤ «አርቲፒ ዶት ኮንፍ» ውስጥ እስከ 10200 አሳጥሩት። በሰርቨሩ ውስጥ የሚያልፍ አንድ ጥሪ አራት ፖርት ስለሚወስድ 50 ጥሪ ይበቃዋል። ይህንና 5060ን ለውስጥ ኔትወርኩና ለ10.8.0 ብቻ ክፈቱ። ሦስተኛው ራውተሩ ውስጥ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚባለው አማራጭ ነው። ሊረዳ ታስቦ የተሠራ ቢሆንም አድራሻዎቹን እያበላሸ ከ30 ሰከንድ በኋላ የሚቆረጥ ጥሪ ይፈጥራል። አጥፉት።

488 ከመጣ ስልኮቹ የጋራ የድምፅ ኮድ የላቸውም። 486 ሰውየው ሌላ ጥሪ ላይ ነው። 408 መልስ የሚሰጥ የለም።

ለሠራተኛ ከማስረከባችሁ በፊት አራት ነገር ሞክሩ። ከ101 ወደ 201 ደውላችሁ አምስት ደቂቃ ሙሉ አውሩ። 350 ደውሉ፤ ወዲያው እምቢ ማለት አለበት። የደሴን ሰርቨር ከነስዊቹ አጥፍታችሁ አስነሱና ስልኮቹ በስንት ደቂቃ እንደተመለሱ ቁጠሩ። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ያለው ሰው የኢንተርኔት ገመዱን ከራውተሩ ይንቀል፤ ከ201 ወደ 202 መደወል አለበት፣ ከደሴ ወደ 201 የሚደውል ደግሞ የተቀዳውን መልእክት መስማት አለበት።